የፅንስ ልብ ምት አልሰማ ሲላችሁ፦ በፒናርድና በዶፕለር የማዳመጥ ዝርዝር መመሪያ

ይህን የምጽፈው ለአዋላጅ ነርሶች፣ ለልምምድ ለወጡ ተማሪዎችና ጤና ጣቢያ ውስጥ ሌሊት ብቻቸውን ተረኛ ለሚሆኑ ነው። ፒናርድ የፅንስ ልብ በጆሮ የሚደመጥበት እንደ ቀንድ ያለ ቱቦ ነው፤ ዶፕለር ደግሞ ምቱን በድምፅ ሞገድ ፈልጎ የሚያሰማ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ፒናርዱን ሆዷ ላይ አድርጌ ምንም አልሰማም፤ ጆሮዬ ይሆን?»

ጆሯችሁ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ የሚሠራው ከጆሮ በፊት ነው። እጃችሁ የፅንሱን ጀርባ ሳያገኝ ፒናርዱ ሆድ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ስህተት ደግሞ የባሰ ነው። የእናትየዋን ምት ሰምቶ የልጁ ነው ብሎ መጻፍ ነው።

ከመነሻው አንድ ቁጥር ያዙ። የፅንስ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይመታል። ከዚህ በታችም ከዚህ በላይም ከሆነ ምክንያት ይፈለግለታል።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

እነዚህን ሳታሟሉ አትጀምሩ።

- ፒናርድ ወይም ዶፕለር። ዶፕለር ከሆነ ባትሪውንና ጄሉን አስቀድማችሁ እዩ። ጄል ካለቀ ለጊዜው ቆዳውን በውሃ ማራስ ይረዳል።
- ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት። የስልክ ሰዓትም ይሆናል፤ ግን ስልኩ እንዳይጮህ አድርጉት።
- ጸጥታ። በር ዝጉ። ቴሌቪዥን ካለ አጥፉ። አስታማሚዎችን ለሁለት ደቂቃ ዝም እንዲሉ በትህትና ለምኑ።

እርግዝናው ስንት ሳምንት እንደሆነ አረጋግጡ። ዶፕለር ከ12 ሳምንት ገደማ ጀምሮ ያሰማል። በፒናርድ ግን ከ24 ሳምንት በፊት አልሰማ ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ገና ነው።

እናትየዋ ሽንቷን ትሽና። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የሞላ ፊኛ ፅንሱን ከፍ ያደርገዋል፣ ስትጫኗትም ያማታል፤ ካመማት ደግሞ ሆዷን ታጠነክርባችኋለች።

እጃችሁን ታጠቡ፤ ከዚያ አሙቁት። ቀዝቃዛ እጅ ሲነካት ሆዷ ይኮማተራል። መጋረጃውን ሳቡ፣ ከእግሯ እስከ ወገቧ በአንሶላ ሸፍኗት፣ የምታደርጉትን ንገሯትና ፈቃዷን ጠይቁ። «እህቴ፣ የልጅሽን ልብ ልሰማ ነው፤ ሆድሽን ልንካ?» ማለት አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

አተኛኘቷ ላይ ተጠንቀቁ። በጀርባዋ ጥፍጥፍ ብላ አትተኛ። ከባዱ ማህፀን ደም ወደ ልቧ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ስር ይጫናል። ያኔ ግፊቷ ይወርዳል፣ ያዞራታል፣ የልጁም ምት ሊወርድ ይችላል። ትራሱን ከፍ አድርጉላትና በቀኝ ዳሌዋ ስር የታጠፈ ጋቢ ወይም ፎጣ ሸጉጡ። ትንሽ ወደ ግራ ካዘነበለች በቂ ነው።

ከዚያ ጠይቁ። ልጁ መጨረሻ የተንቀሳቀሰው መቼ ነው? የሽርት ውሃ ፈሷል? ቀለሙስ? ደም አይታለች? ትኩሳት አላት? መልሶቹ በኋላ የምትሰሙትን ቁጥር ትርጉም ይሰጡታል።

ደረጃ 2፦ ጀርባውን በእጅ ፈልጉ

የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ዋናው ቦታ ይህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የልቡ ድምፅ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከማህፀኑ ግድግዳ ጋር በተጠጋው በፅንሱ ጀርባ በኩል ነው። እጅና እግሩ ባለበት በኩል ብታዳምጡ ከድምፁ ይልቅ እርግጫ ይደርሳችኋል።

ምጥ ላይ ካለች ምጡ እስኪለቃት ጠብቁ። ማህፀኑ እንደ ድንጋይ በጠነከረበት ሰዓት ምንም አይለይም፤ እሷንም ያሳምማታል።

ሀ. ከላይ ጀምሩ። በሁለት እጃችሁ የማህፀኑን ጫፍ ያዙ። ጠንካራ፣ ክብ፣ ብቻውን ወዲያ ወዲህ የሚል ነገር ካገኛችሁ ጭንቅላት ነው። ለስለስ ያለና ስትገፉት ከነሰውነቱ የሚሄድ ከሆነ ቂጥ ነው።

ለ. ወደ ጎኖቹ ውረዱ። አንድ እጃችሁ ዝም ብሎ ይያዝ፤ ሌላው በመዳፍ፣ በጣት ጫፍ ሳይሆን፣ በዝግታ ይጫን። ከዚያ ተቀያየሩ። በአንዱ ጎን እንደ ሰሌዳ ረዘም ያለ፣ ለስላሳ፣ የማይቆራረጥ ነገር ይሰማችኋል፤ ጀርባው ያ ነው። በሌላው ጎን ጉብ ጉብ የሚሉ ትናንሽ ነገሮች አሉ፤ እጅና እግር ናቸው።

ሐ. ከታች በኩል ምን እንዳለ አረጋግጡ። ከላይ ቂጥ ካገኛችሁ ከታች ጭንቅላቱን ማግኘት አለባችሁ። ካልተገናኘላችሁ እንደገና ጀምሩ።

አሁን ፒናርዱ የት እንደሚያርፍ ታውቃላችሁ፦

- ጭንቅላቱ ወደ ታች፣ ጀርባው በግራ ከሆነ፦ በእምብርቷና በግራ ዳሌዋ አጥንት ጫፍ መካከል። ጀርባው በቀኝ ከሆነ በቀኝ በኩል እንዲሁ።
- ጀርባው ወደ እናትየዋ አከርካሪ የዞረ ከሆነ፦ ከእምብርቷ በታች ሆዷ ጎድጎድ ይላል፤ ከፊት ለፊት እጅና እግር ብቻ ይዳሰሳል። ወደ ጎኗ ራቅ አድርጋችሁ ፈልጉ። ብዙዎች «ጠፋ» የሚሉት እዚህ ላይ ነው።
- በቂጡ የሚመጣ ከሆነ፦ በእምብርቷ ትይዩ ወይም ከዚያ በላይ።
- አግድም ከሆነ፦ እምብርቷ አካባቢ። ምጥ ጀምሯት ፅንሱ አግድም ከሆነ ግን ልቡ ቢሰማም ቀዶ ጥገና ወዳለበት ሪፈር ይጻፍላት።

ምጥ ሲገፋ ልጁ ይወርዳል፤ የሚሰማበት ቦታም አብሮ ወደ ታችና ወደ መሐል ይሄዳል። ከሦስት ሰዓት በፊት ያገኛችሁበት ቦታ ላይ ሙጭጭ አትበሉ።

ደረጃ 3፦ ፒናርዱን አሳርፉ

ሰፊው አፍ ሆዷ ላይ፣ ጠፍጣፋው ጆሯችሁ ላይ። ከቆዳዋ ጋር ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ዘመም ካለ አየር ይገባና ድምፁ ይጠፋል። በጆሯችሁ ጫን በሉትና እጃችሁን ልቀቁት። እጃችሁ ከነካው የሚሰማችሁ የራሳችሁ ጣት ፍትጊያ ነው።

ዓይናችሁን ጨፍኑ። ቢያንስ አሥር ሰከንድ ሳትንቀሳቀሱ ጠብቁ። ጀማሪ ሁለት ሰከንድ አዳምጦ ይነሣል፤ የሚያመልጠውም ለዚህ ነው። ካልሰማችሁ አንድ ጣት ያህል ብቻ አንቀሳቅሱት፤ ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ አትዝለሉ።

ድምፁ በወፍራም ግድግዳ በኩል የሚመጣ ፈጣን የከበሮ ምት ይመስላል። ድክ-ድክ፣ ድክ-ድክ። ሁለቱ ድክ አንድ ምት ነው።

«ሽው… ሽው…» የሚል የንፋስ ድምፅ ከሰማችሁ ገና አልደረሳችሁም። ከእናትየዋ የልብ ምት ጋር እኩል የሚሄድ ከሆነ በማህፀኗ ደም ስሮች ውስጥ የሚያልፍ ደም ነው። ፈጣን ከሆነ ደግሞ የእትብቱ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ልቡ ሩቅ አይደለም።

በዶፕለር ከሆነ ጄል ቀቡ፣ እዚያው የጀርባው ቦታ ላይ አሳርፉ፣ ከቦታው ሳታነሡ ጫፉን በጣም በዝግታ አዘንብሉት። ጥርት ያለው የልብ ድምፅ እንደ ፈረስ ግልቢያ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር እንዳለ አትቀበሉ። መሣሪያው የሚቆጥረው ያገኘውን ምት ነው፤ የማን እንደሆነ አያውቅም።

ደረጃ 4፦ የእናትየዋን ምት ያዙ

ጆሯችሁ ሲሠራ አንድ እጃችሁ የእናትየዋ የእጅ አንጓ ላይ ይሁን። ሁልጊዜ። ምቱ ከሰማችሁት ጋር እኩል ከመታ የሰማችሁት ልጁን አይደለም።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ሌሊት አንዲት እናት በምጥ ገባች። የሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ ከአንድ ቀን በላይ ሆኖታል፤ ሰውነቷ ያቃጥላል። ፒናርዱን አስቀምጬ ቆጠርኩ፤ 124። ቆንጆ ቁጥር ነው። ፓርቶግራፉ (የምጡ ሂደት የሚመዘገብበት ቅጽ) ላይ ነጥቧን አሳረፍኩ። ተረኛዋ ሲስተር መጣች፤ አልተቆጣችኝም። የሴትየዋን አንጓ ያዘችና «እንደገና አዳምጪ» አለችኝ። እኔ ሳዳምጥ እሷ የምትይዘውን ምት በሌላው እጇ ጣት የአልጋው ብረት ላይ ትመታለች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ጆሮዬ ውስጥ ያለውና ብረቱ ላይ ያለው አንድ ሆኑ። በትኩሳት የፈጠነ የእናትየዋ ልብ ነበር። ፒናርዱን ወደ ቀኝ ጎን ወሰደችልኝ፤ እዚያ 172 አገኘን። መድኃኒት ተጀመረላት፣ ወዲያው ሪፈር ተባለች፣ ልጁም በዚያው ሌሊት እያለቀሰ ተወለደ። ያችን ነጥብ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። እንዳለች ብትቀር ማንም አይሮጥም ነበር።

ደረጃ 5፦ ቁጠሩ

አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ጊዜ ይቆጥባል፤ ግን ምቱ ሲወርድና ሲመለስ አይታያችሁም፤ ትልቁ ምልክት ደግሞ እሱ ነው። ይልቅ ደቂቃውን በአራት 15 ሰከንድ ከፍላችሁ እያንዳንዱን ለየብቻ ያዙ። ጤነኛ ምት በ15 ሰከንድ ከ28 እስከ 40 ይሆናል። 35፣ 34፣ 36፣ 35 ከሆነ ደህና ነው። 35፣ 24፣ 22፣ 33 ከሆነ ግን በመሐል ወርዷል፤ ድምሩ 114 መሆኑ አያታላችሁ።

በክትትል ጊዜ፦ በየቀጠሮው አንድ ሙሉ ደቂቃ።

በምጥ ጊዜ፦ ምጡ ሊለቃት ሲል ጀምሩና ከለቀቃት በኋላም ቢያንስ 30 ሰከንድ ቀጥሉ። የተጎዳ ልጅ የሚታወቀው ምጡ ሲለቅ ነው። ጤነኛው ቶሎ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የደከመው ወርዶ ይቆያል። በሁለት ምጥ መሐል ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ይህን መቼም አያገኘውም።

ንቁው የምጥ ደረጃ ላይ በየ30 ደቂቃው። የኦክሲቶሲን (ምጥ የሚያጠናክር መድኃኒት) ግሉኮስ ካላት፣ የሽርት ውሃው አረንጓዴ ከሆነ፣ የደም ግፊት ወይም ሌላ ስጋት ካለባት በየ15 ደቂቃው። ማማጥ ስትጀምር በየ5 ደቂቃው። ከዚህ ሌላ የሽርት ውሃ እንደፈሰሰ ወዲያው፣ የማህፀን ምርመራ እንደጨረሳችሁ እዚያው፣ ኦክሲቶሲን በተጨመረ ቁጥር አዳምጡ።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩን ጻፉ

«ኤፍ ኤች ቢ ፖዘቲቭ» (የፅንስ ልብ ምት አለ) ብላችሁ አትለፉ። ልቡ መምታቱን እንጂ እንዴት እንደሚመታ አይናገርም። ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ ምጥ ሲለቅ መውረድ አለመውረዱን ጻፉ። ያላዳመጣችሁበትን ሰዓት ባዶ ተዉት። ሥራ በዝቶባችሁ ማለፉ ያጋጥማል፤ ከልብ አዝናለሁ፣ አውቀዋለሁም። ጠዋት ተቀምጦ ሙሉውን መስመር 140 በ140 ማድረግ ግን የሚቀጥለውን ተረኛ ዓይኑን ማሰር ነው።

ደረጃ 7፦ ነገሩ ሲበላሽ

*ጨርሶ ካልተሰማ።* ፊታችሁን አረጋጉ። እናትየዋ የምታየው ፒናርዱን ሳይሆን ፊታችሁን ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ ፊኛዋ ባዶ ነው? ወደ ጎኗ አዙሯት። ጀርባውን እንደገና በእጅ ፈልጉ። ሌላ ሰው ጥሩ። ዶፕለር ሞክሩ፤ አንጓዋን ሳትለቁ። የእንግዴ ልጁ ከፊት ከሆነ፣ የሽርት ውሃው ከበዛ ወይም ሆዷ ወፍራም ከሆነ ጤነኛ ልጅም ላይሰማ ይችላል። ምጥ ላይ ካለች ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይውሰድ።

አሁንም ካልተሰማ አልትራሳውንድ ያስፈልጋታል። የልጅ ሞት በፒናርድም በዶፕለርም አይረጋገጥም። «የለም» አትበሏት፤ «ደህና ነው» ብላችሁም አትዋሹ። «አልሰማ ብሎኛል፤ በአልትራሳውንድ እንዲታይልሽ አደርጋለሁ፤ አብሬሽ ነኝ» በሏት። ብቻዋን አትተዉአት።

*ከ160 በላይ ከሆነ።* ልጁ ሲንቀሳቀስ ምቱ ለአጭር ጊዜ ከፍ ማለቱ መልካም ምልክት ነው። ስለዚህ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ቁጠሩ። ካልወረደ ሙቀቷንና ምቷን ለኩ። ውሃ ጠምቷታል? የሽርት ውሃው ይሸታል? ትኩሳትና ሽታ ካለ ኢንፌክሽን ነው ብላችሁ ተንቀሳቀሱ፤ ነገ አትበሉ።

*ከ110 በታች ከሆነ፣ ወይም ምጥ ሲለቅ ወርዶ የሚቆይ ከሆነ።* ሳትቆሙ እነዚህን አድርጉ፦

1. በግራ ጎኗ አዙሯትና ሰው ጥሩ።
2. ኦክሲቶሲን ካለ ዝጉ። በ10 ደቂቃ ከ5 በላይ ምጥ እየመጣ ከሆነ ልጁ የሚተነፍስበት ፋታ አጥቷል።
3. አንጓዋን ያዙ፤ የምትሰሙት የእሷ አለመሆኑን አረጋግጡ።
4. የደም ግፊቷን ለኩ። ወርዶ ከሆነ ፈሳሽ ስጧት። ግፊቷ ከፍ ያለ እናት ላይ ግን ዝም ብሎ ፈሳሽ አይለቀቅም።
5. በማህፀን መርምሩ። እትብት ወጥቷል? የማህፀን በሩ ሙሉ ተከፍቷል? ደም አለ?
6. ሙሉ ተከፍቶ ጭንቅላቱ ዝቅ ካለ መውለዷን አፋጥኑ፤ ቫኪዩም (የልጁን ጭንቅላት ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ) የሰለጠነ ሰው ካለ አሁን ነው። ካልሆነ ሪፈር።

*እትብት ከቀደመ።* በጓንት እጃችሁን አስገቡና ጭንቅላቱን ከእትብቱ ላይ ወደ ላይ ግፉ። እጃችሁን እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል አታውጡ። እናትየዋ በጉልበቷና በደረቷ ትደፋ፤ አምቡላንስ ውስጥ በግራ ጎኗ ሆና ዳሌዋ በትራስ ከፍ ይበል። እትብቱን ወደ ውስጥ ለመመለስ አትሞክሩ፣ አታገላብጡትም።

ሪፈር ስትጽፉ አስቀድማችሁ ደውሉ። የመጨረሻው ምት ስንት እንደነበር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩ። የፓርቶግራፉ ቅጂ አብሯት ይሂድ፤ አዋላጅም አብሯት ይሂድ። መንገድ ላይም ይደመጣል።

*መንታ ከሆኑ።* ሁለት ሰው፣ ሁለት መሣሪያ፣ አንድ ሰዓት። እኩል ጀምራችሁ እኩል ጨርሱ። በሁለቱ ቁጥር መሐል ቢያንስ 10 ምት ልዩነት ከሌለ አንዱን ልጅ ከሁለት ቦታ ሰምታችሁት ሊሆን ይችላል፤ ድገሙት።

ለእናቶችና ለቤተሰብ

በውጭ አገር የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ዶፕለር በኦንላይን ገዝታችሁ ቤት ውስጥ ታዳምጣላችሁ፤ ለእህቶቻችሁም ትልካላችሁ። ፍቅሩ ይገባኛል። ግን ከላይ እንዳያችሁት የራስሽን የደም ስር ሰምተሽ «ልጄ ደህና ነው» ልትይ ትችያለሽ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ያለ ባለሙያ ቤት ውስጥ እንዳይጠቀሙበት ያስጠነቅቃል። የስልክ አፕ ደግሞ ጨርሶ አትመኚበት።

ሌላም ነገር አለ። ዛሬ የተሰማ ልብ ስለ ዛሬ ብቻ ነው የሚናገረው። እንቅስቃሴው ለቀነሰ ልጅ የአንድ ደቂቃ ማዳመጥ አይበቃም። ከ32 ሳምንት በኋላ ሆድሽ ላይ ቀበቶ ታስሮ ምቱ በወረቀት ላይ የሚመዘገብበት ምርመራ አለ። በ20 ደቂቃ ውስጥ ምቱ ቢያንስ ሁለቴ በ15 ከፍ ብሎ 15 ሰከንድ መቆየቱ ይታያል። ልጁ ተኝቶ ሊሆን ስለሚችል እስከ 40 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ቢዘገይ አትደንግጪ።

የልጅሽን አመል የምታውቂው አንቺ ነሽ። እንቅስቃሴው ከወትሮው ከቀነሰብሽ በግራ ጎንሽ ተኝተሽ ልብ ብለሽ ቁጠሪ። በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥር ካልሞላ፣ ወይም ጨርሶ ጸጥ ካለብሽ ሁለቱን ሰዓት እንኳን ሳትጠብቂ፣ ተነሺና ሂጂ። ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። በር ላይ የሚያገኝሽን ሰው «ልጄ እንቅስቃሴ ቀንሶብኛል» በይው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግሽም።